ከዳንሁ በኋላ የቀረው

ስለ ድባቴ ሲወራ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ወቅት ነው፤ ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ እህል አልወርድ ያለው፣ ልጆቹን እያየ ምንም የማይሰማው፣ መኖር ራሱ ሸክም የሆነበት ሰው ይነሣል። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ግን እምብዛም አይወራም። እኔን ድባቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኛል፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ፣ ቀጥሎ እንግሊዝ አገር መጥቼ ልጄን በወለድሁ ሰሞን፣ በመጨረሻ ደግሞ ሥራዬም ቤቴም ደኅና በነበሩበት፣ ምንም ሰበብ ልሰጠው በማልችልበት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ዳንሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግን አብሮ ያልሄደ ነገር ነበረ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት መንቃት፣ ተኝቼ ባድርም የማይለቅ ድካም፣ መሥሪያ ቤት የመጣን ደብዳቤ ደጋግሜ ካላነበብሁ አለመረዳት፣ በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ፣ ከወዳጆቼ ጋር እየሳቅሁም ቢሆን ከጨዋታው ትንሽ ራቅ ብዬ መቅረት። ሐኪሞች እነዚህን ቀሪ ምልክቶች ይሏቸዋል።

ቀሪ ምልክቶችን አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው ከሕመምም ከጤናም ወገን በቅጡ የማይቆጠሩ መሆናቸው ነው። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የንግግር ሕክምና የሚከታተል ሰው በየቀጠሮው ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይሞላል። መጠይቁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከት ሲሆን ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ በአማርኛም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ጥቅም ላይ ውሏል። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሕክምና እንደሚያስፈልገው ይቆጠራል፤ ከ10 በታች ከወረደና ከእርሱ ጋር የሚሞላው የጭንቀት መጠይቅ ድምርም ከራሱ ገደብ በታች ከሆነ አገግሟል ተብሎ ይመዘገባል። እንግዲህ 1 ያገኘም አገግሟል፣ 9 ያገኘም አገግሟል። ለሪፖርት ይህ ይበቃ ይሆናል። ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም በሚጠይቁት ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄዎች ላይ ብቻ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚቸገር ሰው 6 ነጥብ ይዞ፣ በወረቀት ድኖ፣ በሥራውና በትዳሩ ላይ ግን በየዕለቱ ዋጋ እየከፈለ ሊኖር ይችላል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁበት። በ1995 ዩጂን ፔይክልና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ውስጥ ከከባድ ድባቴ ያገገሙ ሰዎችን ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ቀሪ ምልክት ከነበረባቸው 76 በመቶው ሕመሙ ሲያገረሽባቸው፣ ቀሪ ምልክት ካልነበረባቸው ያገረሸባቸው 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግን አቅጣጫውን አጽንተውታል። አንድ ጊዜ ታሞ ከዳነ ሰው ይልቅ ሁለት ጊዜ የታመመው፣ ከእርሱም ይልቅ ሦስት ጊዜ የታመመው እንደገና የመታመም ዕድሉ ከፍ እንደሚል ደግሞ ከዚያም በፊት የታወቀ ነበር። ስለዚህ እንደ እኔ ላለ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚናገር ምልክትም ሊሆን ይችላል። አሳዛኙ ነገር ይህን ማወቅ ራሱ እንቅልፍ የሚነሣ መሆኑ ነው።

በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ መካከለኛ ቦታ የለም፤ ሰው ወይ ታሟል ወይ ድኗል። እናቴ በስልክ ድምፄ ሲረጋጋ የሰማች ዕለት «ተመስገን፣ ማረልኝ» ብላ ስለቷን አስገብታለች፤ ስለት ከገባ በኋላ «እማዬ፣ አሁንም ይደክመኛል» ማለት በእግዚአብሔር ሥራ ላይ ማጉረምረም ይመስላል። ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት እርሷን ላለማሳዘን ብቻ አልነበረም፤ ድካሙን ለሰው ከተናገርሁ ሕመሙን በስሙ የጠራሁት ስለሚመስለኝ ነበር። ወዳጅም ሲያጽናና «አይዞሽ፣ ሐሳብ አታብዢ» ይላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ችግሩ ግን በሌሊት የነቃ አእምሮ አታስብ ሲሉት ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሕመሙ ለምን እየተመላለሰ ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ለእኔ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ማብራሪያ የእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጆን ቲስዴል ነው። እርሱ እንደሚለው ድባቴ በያዘን ጊዜ ኀዘኑና አብሮት የሚመጣው ሐሳብ፣ «አልረባም»፣ «ከዚህ አልወጣም» የሚለው፣ አንድ ላይ ይጣመራሉ፤ በኋላ ሰውየው ድኖ ሳለ ማንንም የሚያገኝ ተራ ቅሬታ ወይም ድካም ሲመጣ ያ የጥንቱ ሐሳብ ተጎትቶ ይመጣል። በሣጥን ውስጥ ለዓመታት ታጥፎ የቆየ ነጠላ ቢዘረጋም የእጥፋቱ መስመር እንደማይጠፋና ትንሽ ሲነኩት በዚያው መስመር እንደሚታጠፍ ማለት ነው፤ በታጠፈ ቁጥርም መስመሩ ይጠልቃል። ይህ መላ ምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዚንደል ሲጋልና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከድባቴ የዳኑ ሰዎችን አሳዛኝ ሙዚቃ በግማሽ ፍጥነት እያሰሙ የሚያሳዝን ትዝታቸውን እንዲያስቡ አደረጉ፤ በዚያች አጭር ኀዘን ውስጥ የድሮው አስተሳሰብ ይበልጥ የተቀሰቀሰባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ወራት ይበልጥ አገረሸባቸው። (ሙከራው አዲስ አበባ ተደርጎ ቢሆን ሙዚቃውን በግማሽ ፍጥነት ማጫወት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ የትዝታ ቅኝት በመሰንቆ ይበቃ ነበር።)

የኀዘኑን ቅጽበት ወደ ሕመም የሚያሸጋግረው ማብሰልሰል ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1989 ካሊፎርኒያ ከተንቀጠቀጠችበት አደጋ ጥቂት ቀደም ብላ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስለ ስሜታቸው ጠይቃ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ተመልሳ ስታያቸው፣ ቀድሞም ሲከፋቸው የመከፋታቸውን ምክንያት እያመላለሱ የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ የድባቴ ምልክት ታየባቸው። የሚያብሰለስል ሰው እያሰበ ያለው መፍትሔ እየፈለገ ነው፤ «ለምን እንዲህ ሆንሁ? ሌላው ሰው እንዴት ቻለው? ከዚህ በፊት ምን አድርጌ ነበር የዳንሁት?» ይላል። ጥያቄዎቹ ብልህ ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ባለሁበትና ልሆን በሚገባኝ መካከል ያለውን ርቀት ደጋግመው ይለካሉ፣ በለኩት ቁጥርም ርቀቱ ራሱ ያሳዝናል፣ ኀዘኑም ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ቀሪ ምልክት ያለበት ሰው ለዚህ ልኬት የሚሆን ነገር መቼም አያጣም።

እዚህ ላይ ነው ማይንድፉልነስ የሚባለው ልምምድ የሚገባው፤ ይኸውም ትኩረትን ሆን ብሎ፣ ሳይፈርዱ፣ አሁን በሚሆነው ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። በሆስፒታል መልክ ያስያዘው ጆን ካባት-ዚን ሲሆን፣ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሌላ ሕክምና ያልረዳቸውን፣ ሥር የሰደደ ሥቃይና ውጥረት ያለባቸውን ሰዎች ማሠልጠን ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲጋል ከቶሮንቶ፣ ማርክ ዊሊያምስ ከባንጎር፣ ቲስዴል ከካምብሪጅ ሆነው የዳኑ ሰዎች መልሰው እንዳይታመሙ የሚረዳ ርካሽና በቡድን የሚሰጥ ሕክምና ሲፈልጉ ወደ እርሱ ሄዱ፤ የእርሱን ልምምድ ስለ አስተሳሰብ ከሚሠራው የሥነ ልቦና ሕክምና ጋር አዋሕደው ለተደጋጋሚ ድባቴ የሚሆን የስምንት ሳምንት ትምህርት አዘጋጁ።

ሐኪሜ የላከችኝ ወደዚህ ትምህርት ነው። ከአሥር በላይ ሆነን በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ቤታችን በድምፅ ቅጂ እየተመራን በየቀኑ አርባ ደቂቃ ገደማ እንለማመዳለን። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ ዘቢብ ለደቂቃዎች እንድናይ፣ እንድናሸትና ቀስ ብለን እንድናኝክ ተደረገ፤ ብዙ ሰው ስለ ዘቢቡ ይጽፋል፣ እኔ ግን ከዘቢቡ ያገኘሁት ዘቢብ ነው። ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ራስ ቅል ድረስ ሰውነትን ክፍል በክፍል በትኩረት ማዳመጥ የሚባለው ልምምድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰለቸኝና ያስተኛኝ ነበር። አስተማሪያችን ግን መሰልቸቱንም መተኛቱንም እንደ ውድቀት አልቆጠረችውም፤ «ሲሰለችሽ ሰውነትሽ የት ላይ ነው የሚያውቀው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ጥያቄው መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ግን መሰልቸቴ ከመንጋጋዬ እንደሚጀምር አወቅሁ፤ የከፋው ስሜት ደግሞ በሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ደረቴ ላይ እንደ መጨበጥ ሆኖ እንደሚመጣ ለየሁ።

ጥቅሙ የታየኝ በዚያው በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀድሞ ስነቃ የሚሆነው ይህ ነበር፤ ነቃሁ፣ ስለዚህ ነገ ሥራ ላይ እፈዝዛለሁ፣ ስለዚህ ይታወቅብኛል፣ ስለዚህ ሕመሙ ተመልሷል፣ ስለዚህ ከዚህ ነገር እስክሞት አልወጣም። ከመንቃት እስከ ሞት ድረስ ያለውን መንገድ የምጨርሰው ዓይኔን ሙሉ በሙሉ ሳልገልጥ ነው። በትምህርቱ ውስጥ የሦስት ደቂቃ የትንፋሽ ፋታ የሚሉት አጭር ልምምድ አለ። መጀመሪያ አሁን ያለውን ሐሳብ፣ ስሜትና የሰውነት ሁኔታ እንዳለ መቀበል፣ ቀጥሎ ትኩረትን ሰብስቦ በትንፋሽ ላይ ማድረግ፣ በመጨረሻም ትኩረቱን ወደ መላው ሰውነት ማስፋት ነው። በዚህ ልምምድ «ሕመሙ ተመልሷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከዜናነት አውርጄ ሐሳብ አድርጌ ማየት ጀመርሁ፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ በሌሊት ግን የሚጣራ ነገር አይደለም። እንቅልፌ ሁልጊዜ አይመለስም። አንዳንዴ እስኪነጋ ዓይኔን አፍጥጬ እቆያለሁ። የተለወጠው ነገር ያልተኛሁበት ሌሊት አንድ ያልተኛሁበት ሌሊት ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ማግስቱን ሁሉ አያስከትልም። ይህ ከወዳጆቼ «አታስቢ» ጋር አንድ ይመስላል፣ አይደለም። እዚህ ሐሳቡን አባርሪው የሚል የለም፤ ሐሳቡ መጥቷል፣ ይቀመጣል፣ ምግብ አይቀርብለትም።

እናቴ ስለ ትምህርቱ ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይኼ ነገር የሌላ አምልኮ አይሆንም ወይ?» የሚል ነበር። ጥያቄዋን አልናቅሁም። የልምምዱ ሥር ከቡድሂስቶች ተመስጦ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ካባት-ዚን ለሆስፒታል ሲያዘጋጀው ሃይማኖታዊ ይዘት እንዳይኖረው አድርጎታል፣ እኔ በተማርሁበት ክፍልም ጸሎትም ስግደትም አልነበረም። አንዳንድ የእኛ ሰዎች ይህን ችግር ለመፍታት «አባቶቻችን በመቁጠሪያ ሲጸልዩ የሚያደርጉት ይኸው ነው» ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ጸሎት የሚሰማው አለው፤ ይህ ልምምድ ግን ወደ ማንም የሚቀርብ አይደለም፣ የእግር ሕመምተኛ እንደሚሠራው እንቅስቃሴ ያለ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም። እናቴ አሁንም ጸበል ትልክልኛለች፤ በደስታ እጠጣዋለሁ፣ መድኃኒቴንም እውጣለሁ።

ጥናቱ ምን ይላል ለሚል አንባቢ ያልተጋነነውን ልናገር። ትምህርቱን ያዘጋጁት ሦስቱ፣ ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል፣ ከሌሎች ጋር በ2000 ያወጡት የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ 145 የዳኑ ሰዎችን ይዞ ነበር። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመው ከነበሩት መካከል የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 66 በመቶው ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ ትምህርቱን ከተከታተሉት ያገረሸባቸው 37 በመቶ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ታመው የነበሩት ግን ምንም አልተጠቀሙም። ስለ ቀሪ ምልክቶች ይበልጥ የሚናገረው ዊለም ኩይከንና ባልደረቦቹ በ2016 የዘጠኝ ሙከራዎችን፣ የ1,258 ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ያወጡት ሥራ ነው። በዚያ ውስጥ ትምህርቱን የወሰዱት 38 በመቶ፣ ያልወሰዱት 49 በመቶ አገረሸባቸው፤ ጥቅሙም ጎልቶ የታየው ሲጀምሩ ቀሪ ምልክታቸው ከፍ ያለ በነበረ ሰዎች ላይ ነው። እኔ እንደምረዳው ይህ ለቲስዴል አሳብ ድጋፍ ነው፤ የማብሰልሰያ ጥሬ ዕቃ የበዛበት ሰው ማብሰልሰልን መተው ሲማር የሚያተርፈው ይበዛል።

ትርፉ ግን በሁሉም ቦታ ትልቅ አይደለም። በ2020 በኮሎራዶ 460 ቀሪ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበት ትምህርቱ በኢንተርኔት ተሰጥቶ ሲታይ ከተለመደው እንክብካቤ ይሻላል ተብሏል፤ በዚያ በዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ የታየው ልዩነት ግን በአማካይ አንድ ነጥብ ገደማ ነው። ዊሊያምስ ራሱ በ2014 ከ274 ሰዎች ጋር ባደረገው ሙከራ፣ ተመሳሳይ ትምህርት ያለ ተመስጦ ልምምድ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በጠቅላላው ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አልተገኘም፤ በልጅነታቸው ብዙ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ግን ይበልጥ የተጠቀሙ ይመስል ነበር። ከመድኃኒት ጋር በተነጻጸረበት በ2015ቱ የብሪታንያ ሙከራ 424 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል፤ ትምህርቱን ወስደው በሐኪም ድጋፍ መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ ከቀነሱት 44 በመቶ፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 47 በመቶ አገረሸባቸው። አንዳንዶች ይህን «ማይንድፉልነስ መድኃኒትን ይተካል» ብለው ያወሩታል። እኔ ከዚሁ ቁጥር የማነበው ሌላም ነገር አለ፤ በሁለቱም ወገን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው እንደገና ታሟል። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ላቋረጠ ሰው ደግሞ ይህ ጥናት ምንም ምስክር አይሆነውም።

ልምምዱ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። ድካም ሁሉ የድባቴ ቅሪት አይደለም፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የሚወሰደው መድኃኒት ራሱ ሊያደክም ይችላል፣ ይህ ደግሞ በደም ምርመራና ከሐኪም ጋር በመነጋገር እንጂ ዓይን ጨፍኖ በመቀመጥ አይለይም። ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ሌሊት በፈረቃ ለሚያድር ወገኔ በቀን አርባ ደቂቃ የሚባለው ነገር ቅንጦት ነው፤ በቡድናችን ውስጥ ካቋረጡት መካከል ሰነፍ የነበረ አልመሰለኝም። ክፉ ነገር ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰውነቱ ሲመለስ የሚያገኘው ዕረፍት ሳይሆን ያው ክፉ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ አጠር አድርጎ፣ ከባለሙያ ጋር ሊለማመድ ይገባል። ትምህርቱ የተሠራው ለዳነ ወይም ለተሻለው ሰው እንደመሆኑ ሕመሙ ጠንቶ ሳለ፣ ይልቁንም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ፣ የሚያስፈልገው ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድና ብቻን አለመሆን ነው።

በትምህርቱ መጨረሻ አካባቢ እያንዳንዳችን የራሳችንን የማገርሸት ምልክቶች በወረቀት ላይ እንድንጽፍ ተደረግን። እኔ ማልቀስን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ወደ ኋላ መለስ ብዬ ሳስብ ግን ሦስቱንም ጊዜ ከማልቀስ ሳምንታት ቀደም ብለው የመጡት ጥቃቅን ነገሮች ነበሩ። የተደወለልኝን ስልክ «በኋላ እደውላለሁ» ብዬ አልመልስም። ለልጄ ምግብ አቅርቤ እኔ ቆሜ ከድስቱ እቀምሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ሰው ሰላም ሳልል እወጣለሁ። የወረቀቱ አንድ ቅጂ እህቴ ዘንድ አለ፤ በግርጌው ለእርሷ የጻፍሁትም ይህ ነው፦ «‹እንዴት ነሽ?› ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እልሻለሁ። ዛሬ ምሳ ቁጭ ብዬ መብላቴን ጠይቂኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ አልበላሁም ካልሁሽ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዢልኝ፤ እምቢ ብልም አብረሽኝ ሂጂ።»